አንድ እጅ፣ ሙሉ እንቅልፍ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ቦታ ጠቦኝ በሦስት መስመር ብቻ ስለ አንድ ጃፓናዊ የማንጋ (በስዕል የሚተረክ የጃፓኖች ታሪክ) ሠዓሊ ነካ አድርጌ አለፍኩ። ግራ እጁን ጦር ሜዳ ጥሎ መጥቶ፣ በቀረችው አንድ እጁ ዘጠና ዓመት እስኪያልፈው ሲስል የኖረ ሰው ነው። ሺጌሩ ሚዙኪ ይባላል። እኔ ባልፈውም እናንተ አላለፋችሁትም። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄው ጎረፈ። አንዱማ ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ በተቀመጥኩበት መጥቶ "ያንን ባለ አንድ እጁን ሰውዬ ጨርስልን እንጂ!" አለኝ። እሺ፣ የዛሬው ዓምድ የሱ ነው። ስለ ስልክ ባትሪና ስለ ኳስ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ታገሡኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ መቀነሱን ለናንተ ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ሰፈሬ ሆጤ ነው። ማንጋ እስላለሁ፣ ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። እናቴ ግን "ስዕል እንጀራ አይሆንም፣ ማትሪክህን አጥና" ትለኛለች። ይሄ ሚዙኪ ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበር? ስንት ዓመቱ ላይ ነው የተሳካለት?

መልስ፦ ጎበዝ? ኧረ ተወኝ። እሱ ራሱ እንደሚያወራው፣ አንድ የአትክልት ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተነ። የሚቀበሉት 50 ተማሪ ነው። የተፈተነው 51 ሰው ነው። ከሁሉም የሚወድቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው፣ እሱም እሱ ሆነ። ልጅ እያለ ደግሞ እስኪበቃው ተኝቶ፣ ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ ትምህርት ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልቃል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። ውጤቱን አንተው ገምት።

የተወለደው በ1922 ኦሳካ ነው። ያደገው ግን ሳካይሚናቶ በምትባል፣ ዓሣ በሚወጣባት ትንሽ የወደብ ከተማ። ስዕል ብቻ ነበር እጁ ላይ የሚሆንለት። በ21 ዓመቱ ጦርነት ወሰደው፣ እሱን ወደታች ለታሪክ መምህሩ ስመልስ ታነበዋለህ። በ1946 አንድ እጅ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ያልሞከረው የለም። ዓሣ ሸጠ። ሰው በሚያመላልስ ሳይክል ሠራ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሠራ። የስዕል ትምህርት ቤት ገብቶ አቋረጠ። ኮቤ ከተማ ላይ ክፍል የሚያከራይበት አንድ ቤት ያዘ፣ የቤቱ ስም ሚዙኪ ነበር፣ ሰዉ እሱንም "ሚዙኪ" እያለ ይጠራው ጀመር፣ የብዕር ስሙ ሆኖ ቀረ። የቤተሰቡ ስም ሙራ ነው።

ስዕል የመጀመሪያ ሳንቲም ያመጣለት በካሚሺባይ ነው። ይሄን ቆም ብዬ ልንገርህ፣ ደስ ስለሚል። አንድ ሰውዬ በሳይክል ወደ ሰፈር ይመጣል። ከኮርቻው ኋላ ትንሽ የእንጨት ሳጥን አለች። ሁለት እንጨት ቀጭ ቀጭ አድርጎ ያጋጫል፣ የሰፈር ልጅ ይሰበሰባል፣ ሰውዬው መጀመሪያ ከረሜላውን ይሸጣል። ከዚያ ሳጥኗ ትከፈትና በካርቶን ላይ የተሳሉ ስዕሎች አንድ በአንድ እየተሳቡ፣ እሱ በድምፁ እያስመሰለ ታሪኩን ይተርካል። ልክ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ "የቀረው ነገ!" ብሎ ሳይክሉ ላይ ይወጣል። ሚዙኪ ከኋላ ሆኖ እነዚያን ካርቶኖች የሚስለው ሰው ነበር። ቴሌቪዥን መጣና ሥራው ሞተ።

በ1957 ቶክዮ ገባ። 35 ዓመቱ ነው። ያኔ ጃፓን ውስጥ ማንጋ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ። ታላቆችህን ብትጠይቅ ይገባሃል፣ እኛም ልቦለድ በኪራይ ነው ያነበብነው። ሽፋኑ በስኮች ተለጥፎ፣ የመጨረሻዋ ገጽ ተቀድዳ ጠፍታ፣ የገዳዩን ማንነት ከጓደኛህ ትሰማለህ። የመጀመሪያ ማንጋው በ1958 ለነዚህ ሱቆች ወጣ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አሳታሚው ሲከስር ደግሞ ያቺም ትቀራለች። እንዲህ ሲል ሲል፣ በ1965 ቴሌቪዥን ውስጥ ገብቶ መውጣት ስለሚችል አንድ ልጅ ሳለና ኮዳንሻ የተባለው ትልቅ አሳታሚ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። እዚያው ዓመት "ኪታሮ" የሚለው ታሪኩ በሳምንታዊ የልጆች መጽሔት መውጣት ጀመረ። ስለዚህ መልሱ 43 ነው።

እናትህን በተመለከተ፣ ልክ ናቸው። ቢያንስ ለሰባት ዓመት ያህል ስዕል ለሚዙኪ እንጀራ አልሆነውም፣ ሙዝም በስንት መከራ ነው (የሙዟ ነገር ከታች አለች)። እሱ ሌላ የሚሆንለት ነገር ስላልነበረው ነው የቀጠለው፣ አንተ ደግሞ ገና አልሞከርከውም። ማትሪክህን ተፈተን። ደብተሮቹን ግን አስቀምጣቸው። የኔዎቹ ጉሊት ሄደው የቆሎ መጠቅለያ ሆነዋል፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ (የልጅ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር) ይሄ ትንሹ ልጅ በስልክ አንድ ካርቱን ያያል። አንድ ዓይን ያለው ልጅ አለበት። ደግሞ እጅና እግር ያበቀለ ዓይን ብቻውን ያወራል። ኪታሮ ነው ይለኛል። ሰይጣን ነው ምንድን ነው? ልከልክለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ። አይስጉ። ያ ዓይን አባትየው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የኪታሮ አባት በሽታ ይዞት ሞተ፣ ገላው ሁሉ ጠፋ፣ ግን ልጁን ማን ያሳድግልኛል ብሎ አንዲቷ ዓይኑ ብቻ እምቢ አለች። እጅና እግር አወጣችና ልጁን ተከትላ ቀረች። በልጁ ፀጉር ውስጥ ተሸጉጣ ትመክረዋለች። የምትታጠበው በሻይ ዕቃ ውስጥ ነው፣ ሙቅ ውሃ ተደርጎላት። አባትነት እንዲህ ነው እንግዲህ።

እንዲያውም ይሄን ነገር ከኔ ይበልጥ አንቱ ያውቁታል። ሚዙኪ ልጅ እያለ ቤታቸው የምትመጣ አንዲት ድሃ አሮጊት ነበረች። ባሏ ለሰው የሚጸልይ ሰው ስለነበር ሰፈሩ "ኖንኖንባ" ይላታል፣ የምታመልከዋ ባልቴት እንደማለት። ይቺ ሴት ናት የዓለሙን ሌላ ገጽ ያሳየችው። ጣራው ላይ እድፍ ካለ "ይሄ ማታ ማታ ጣራ የሚልስ ፍጡር መጥቶ የተወው ነው" ትለዋለች። ማታ ብቻህን ስትሄድ ከኋላህ ኮቴ ከሰማህ ደግሞ አትሩጥ፣ ጥግ ያዝና "ቤቶ ቤቶ ሳን፣ እርስዎ ይቅደሙ" በለው፣ ያልፍሃል ትለዋለች። ይቺን እኔም ሞክሬያታለሁ። አንድ ማታ ከሸዋ በር ወደ ቤቴ ስሄድ ጉሙ ወርዶ እጄን እንኳ አላይም፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ጥግ ይዤ "ይቅደሙ" አልኩ። አለፈኝ። አህያ ነበር።

እኛስ? አመድ መድፊያ ላይ ማታ አትቁሙ አልተባልንም? ፍል ውሃ ስንደፋ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዷ "ቢስሚላህ" ብላ፣ ሌላዋ "በስመአብ" ብላ አይደለም የምትደፋው? እዚያ ያለውን ላለማቃጠል። የጃፓኖቹ ዮካይ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አንዳንዱ ክፉ ነው፣ አንዳንዱ ተንኮለኛ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ የሚኖር። ሰይጣን ብሎ መጠቅለል ይከብዳል።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለሁላችሁም ነው። ኩኒዮ ያናጊታ የሚባል ሊቅ የገጠር ሰው የሚያወራቸውን ፍጡራን ስም እየሰበሰበ ጽፎ ነበር። ስም አለ፣ ሁለት መስመር ታሪክ አለ፣ መልክ ግን የሌላቸው ብዙ ናቸው። ለምሳሌ "ኑሪካቤ"፦ ማታ ስትሄድ ድንገት የማይታይ ግድግዳ ከፊትህ ይቆማል፣ በዱላ ከታች ብትጠርገው ይጠፋል። ይኸው ነው። ሚዙኪ ተቀመጠና ሳለው። ሰፊ ግራጫ ግድግዳ፣ ትንንሽ ዓይን፣ አጭር እግር። ዛሬ ጃፓን ሰው ኑሪካቤ ሲባል የሚመጣለት ያ ስዕል ነው። የቆዩ ሠዓሊዎች በ1700ዎቹ የሳሏቸውን ደግሞ ከነሱ ወስዶ አደሰ። ወደኛ ስትመጡ፣ ጭራቅን የማያውቅ አለ? የለም። መልኩንስ? አሥር ልጅ ብትጠይቁ አሥር ዓይነት ይነግራችኋል። እማማ፣ ያ የሆጤው ልጅ ደብተሩን ይዞ ምድጃዎ ጥግ ቢቀመጥ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ስለ ካርቱኑ፣ በቴሌቪዥን ከ1968 ጀምሮ ደጋግመው ሠርተውታል፣ የቅርቡ በ2018 የጀመረው ነው። አንዳንዱ ክፍል ልጅ ያስደነግጣል፣ ስለዚህ አብረውት ይዩት። ከዚያ ስልኩን ይቀበሉትና የራስዎን ተረት ይንገሩት። "የላም በረት" ይበልዎት።

ጥያቄ፦ "ጌጌጌ" ማለት ምን ማለት ነው? የካርቱኑ ስም ላይ አለ።

መልስ፦ ሚዙኪ ሕፃን እያለ "ሺጌሩ" ማለት አቅቶት "ጌጌሩ" ይል ነበር። "ጌጌ" ብለው ቅጽል ስም አወጡለት። በ1967 የታሪኩ ስም ሲቀየር እሷን አስገባት። በፊት "የመቃብሩ ኪታሮ" ነበር የሚባለው፣ መቃብር ደግሞ ለቴሌቪዥን አይመችም።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ኮምቦልቻ። ሰውዬው ጦርነቱን ራሱ ሳለው ወይ? ለተማሪ የሚሆን ነገር አለው?

መልስ፦ ሳለው። እንዴት አድርጎ!

መጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ። ውትድርና ሲገባ ጡሩምባ እንዲነፋ ተመደበ። አልነፋልህ አለው። ቀይሩኝ ብሎ ሲነዘንዝ "ሰሜን ይሻልሃል ደቡብ?" ብለው ጠየቁት። ብርድ አይወድም፣ "ደቡብ" አለ። ራባውል ላኩት፣ ኒው ብሪተን የምትባል ደሴት፣ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ናት። በአንዲት ቃል።

እዚያ አሥር ከሚሆኑ ወታደሮች ጋር ወደ ፊት ተላከ። አንድ ንጋት ተረኛ ጠባቂ ሆኖ ቆሞ በመነጽር በቀቀኖች ሲያይ ቆየ፣ ወፎቹ አምረውበት። ሲመለስ የጓዶቹ መኝታ ተመታ። እሱ ብቻ ተረፈ። ባሕር ውስጥ ገብቶ እየዋኘ፣ ጫካውን እየሰነጠቀ፣ ስንት ቀን ተንከራትቶ ወደ ጦሩ ደረሰ። በማታ ሲሸሽ መሄድ አቅቶት፣ ከፊቱ የሆነ ነገር ግድግዳ ሆኖበት ቆሞ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ኑሪካቤ ነው የሚለው። ካምፕ ሲደርስ "እንኳን ተረፍክ" ያለው የለም። ሌሎቹ ሞተው አንተ ለምን ትመለሳለህ ነው የተባለው። ከዚያ ወባ ያዘው፣ ወባ ይዞት ተኝቶ እያለ አውሮፕላን ደበደባቸውና ግራ እጁን አጣ።

ያዳነው ምን መሰለህ? አጠገቡ ያለው የቶላይ ሰዎች፣ የደሴቷ ተወላጆች፣ መንደር። ፍራፍሬ ያበሉታል፣ ያጫውቱታል፣ መሬት ሰጥተውት እንዲተክል አደረጉ። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚሁ እቀራለሁ አለ። አንድ የጦር ሐኪም ነው "መጀመሪያ እናት አባትህን እያቸው" ብሎ የመለሰው። በሰባት ዓመት እመለሳለሁ ብሏቸው ሄደ። የተመለሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ። የሚያውቃቸውን አገኘ።

በ1973 ያወጣው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ትዕዛዝ ነው፣ "ሁላችሁም በክብር ሙቱ" እንደማለት። 90 በመቶው እውነት ነው ብሎ ጽፎበታል። በሕይወት የተመለሱ ወታደሮች፣ ሞታችኋል ተብሎ ሪፖርት ስለተደረገ፣ ሪፖርቱ ውሸት እንዳይሆን ተመልሰው እንዲሞቱ ይታዘዛሉ። ጀግና የለበትም። ጥፊ አለ፣ ረሃብ አለ፣ ተቅማጥ አለ። አንዱ ወታደር ያጠመደውን ዓሣ በአፉ ይዞ ሌላ ሊይዝ ሲል ዓሣው ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ያፍነዋል። ሌላውን አዞ ይበላዋል። ጠላት የሚሉት ገና አልመጣም እኮ። ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ሰው ጦርነት ምን እንደሆነ እኔ አላስረዳም፣ ግን ይሄን መጽሐፍ ሳነብ ለምን እንደሆነ እንጃ ያ የዓሣው ገጽ ነው ከሁሉ ይበልጥ ውስጤ የቀረው።

ለክፍልህ ግን ሌላኛውን ነው የምመክርህ፣ "ሾዋ" የሚባለውን። ስምንት ቅጽ ነው፣ ከ1988 እስከ 1989 የወጣ፣ የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት ያገኘ። የጃፓንን የስድሳ ምናምን ዓመት ታሪክ ከራሱ ሕይወት ጋር ጎን ለጎን ያስኬደዋል። በአንዱ ገጽ መንግሥት ይገለበጣል፣ በሚቀጥለው ሚዙኪ ከሥራ ይባረራል። ተራኪው የኪታሮ ጓደኛ የሆነው፣ ገላውን የማይታጠበው አይጥ ሰውዬ ነው። አንተ ደግሞ ተማሪዎችህን "ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ አያትህ ወይም ቅድመ አያትህ የት ነበሩ?" ብለህ ላካቸው። ያን ቀን ሚዙኪ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፣ ሳካይሚናቶ፣ ምናልባትም ተኝቶ።

ጥያቄ፦ የኔ ጥያቄ ስለ ሚስቱ ነው። እጅ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ቀን ከሌት ጭራቅ የሚስል ሰው። ማን አገባው? (ከኮምቦልቻ፣ አንባቢህ)

መልስ፦ ሳቄን አመጣሽው። ኑኖኤ ትባላለች። በቤተሰብ አማካይነት ተያዩ፣ በአምስተኛው ቀን ሠርጉ ሆነ። 1961፣ ጃንዋሪ። እሷ 29፣ እሱ 38። ቶክዮ የማንጋ ሠዓሊ ነው ተብላ ነው የሄደችው፣ ስትደርስ ያገኘችው ባዶ ቤት ነው።

ሙዟ እዚህ ናት። ሙዝ ያኔ ጃፓን ውስጥ ውድ ነበር። ሊበላሽ የደረሰ፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ግን በርካሽ ይሸጣል። ያንን ገዝተው ያመጡና ልጠው ሲያዩት ውስጡ ደህና ነው፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። እሱም ከጦሩ ሜዳ ጀምሮ ሙዝ ይወዳል። ይሄ የድሃ ቤት ድግስ ነበር።

ሥራውንም ታግዘው ነበር። የሚዙኪን ገጽ ያየሽ እንደሆነ ሰዎቹ በጥቂት መስመር የተሳሉ ናቸው፣ ፊታቸው ቀለል ያለ። ጀርባው ግን ጫካው፣ ዛፉ፣ የድሮው ቤት፣ ደመናው ሁሉ በነጥብ በነጥብ ነው የተሞላው። ሺህ ነጥብ። ያንን ነጥብ ስታደርግ፣ መስመር ስታሰምር የምታድረው እሷ ነበረች። ለካስ ይሄ ሰው የምሩን ነው የሚሠራው ብላ ያመነችበት፣ ከጀርባው ቆማ ሲስል ስታየው ነው። ደሞ ገንዘብ በሌላቸው ሰሞን ሁለቱ ተቀምጠው የጦር መርከብ አሻንጉሊት ይገጣጥሙ ነበር፣ የሰመጠውን የጃፓን ባሕር ኃይል በትንሹ እንደገና ሊሠሩት። ይሄ የምወደው ወግ ነው። ምሳ የለም፣ መርከብ አለ።

በ2008 ትዝታዋን ጻፈች፣ በ2010 በጃፓን ቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ አገር ሁሉ አየው። "ማን አገባው" ላልሽው እንግዲህ እሷው መልሳለች። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፦ ነጥቦቹን እሷ እያደረገች ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሱ ብቻ ነው። ያኔም ዛሬም የተለመደ ነው፣ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ማንጋና አኒሜ አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ማንጋ በወረቀት የሚነበበው ነው፣ አኒሜ የሚንቀሳቀሰው። አብዛኛውን ጊዜ ማንጋው ይቀድማል። በቃ።

ጥያቄ፦ ቀን ጋራዥ እሠራለሁ፣ ማታ እስላለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እቆያለሁ። የጃፓን ሠዓሊዎች አይተኙም ሲባል ሰምቼ ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ አይተኙም። ሚዙኪ ግን ይተኛል፣ ይኩራራበትም ነበር። በእርጅናው አንድ አጭር ማንጋ ሳለ። ሁለት ታላላቅ ሠዓሊዎች፣ ኦሳሙ ቴዙካና ሾታሮ ኢሺኖሞሪ፣ ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ ይፎካከራሉ። እሱ ደግሞ "እኔ ምንም ቢሆን እተኛለሁ" ይላቸዋል። ቴዙካ በ1989 ሞተ፣ በ60 ዓመቱ። ኢሺኖሞሪ በ1998፣ በ60 ዓመቱ። ሚዙኪ ኖቬምበር 30 ቀን 2015 ነው ያረፈው፣ 93 ዓመቱ ነበር። እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ስለ ዕለት ውሎው በመጽሔት ላይ ይስል ነበር።

እንቅልፍ ብቻ ነው ያኖረው አልልህም፣ ቴዙካ የጨጓራ ካንሰር ነበረበት። ሚዙኪም ከተሳካለት በኋላ ሥራ ተደራርቦበት መተንፈሻ ያጣበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ረዳቶች ቀጥሮ ነው የተወጣው። አንተ ግን ጠዋት የመኪና ፍሬን የምትፈታ ሰው ነህ። ወንድሜ፣ ስለ ተሳፋሪዎቹ ብለህ ስድስት ሰዓት ላይ ተኛ። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ነው እኮ!

ጥያቄ፦ ከተማው ምን አደረገለት? እኛ አገር ሰው ሲሞት ነው ድንኳን የሚተከልለት።

መልስ፦ ይሄኛው በቁሙ አየው። ሳካይሚናቶ ከባቡር ጣቢያው የሚነሳው የገበያ መንገድ ሱቆቹ እየተዘጉ ቀዝቅዞ ነበር። በ1993 የዮካዮቹን የነሐስ ሐውልት በእግረኛው መንገድ ዳር ማቆም ጀመሩ። ትልልቅ አይደሉም፣ ልጅ የሚያቅፋቸው ዓይነት። የተሰረቁም ነበሩ፣ ነሐስ ነሐስ ነው፣ እዚያም እዚህም። በ2018 177 ደርሰው ነበር። በ2003 ሙዚየም ተከፈተ። ባቡሩ ላይ ኪታሮ ተስሏል፣ የባቡር ጣቢያዎቹ የዮካይ ቅጽል ስም አላቸው፣ አቅራቢያው ያለው አየር ማረፊያም ከ2010 ጀምሮ "ዮናጎ ኪታሮ" ይባላል። ታክሲ ረዳት "ጭራቅ መታጠፊያ ወራጅ!" ሲል አስቡት። እኔ ብወርድ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እስክሪብቶውን ንገረን። እነሱ የሚስሉበት ልዩ ብዕር እዚህ የለም። ደግሞ ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ እኔም እንደዚያ ልሥራ?

መልስ፦ እነሱ ቀለም ውስጥ የሚነከር የብረት ጫፍ ያለው ብዕር ነው የሚጠቀሙት። ከሌለህ የሌለ ነገር አትፈልግ። ቢክ ይበቃል። ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ስህተት ማጥፊያ ፍሉድ። ቢክ ወረቀቱን እንዳይቀባብህ ከእጅህ ሥር ሌላ ወረቀት አድርግ፣ በተለይ በደሴ ክረምት፣ ርጥበቱ ቀለሙን ቶሎ አያደርቀውም።

አቅጣጫውን ተወው። እነሱ ከቀኝ የሚጀምሩት ጽሑፋቸው ከላይ ወደታች ወርዶ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ነው። ፊደላችን ከግራ ነው የሚነሳው። ገጹን ገልብጠህ ፊደሉን ሳትገለብጥ ብትሠራ አንባቢህ ዓይኑ ይጣላል። አንድ ሌላ ነገር፦ የነሱ የንግግር አረፋ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ቃላቸው ቁልቁል ስለሚወርድ። የኛ ደግሞ "አልተመለሰችላቸውም" የሚል ቃል አለው፣ እንደ አውቶብስ የረዘመ። አረፋህን ወደ ጎን አስፋ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን ጻፍ፣ ከዚያ ክበበው። ክበቡን አስቀድመህ ፊደል ስታጨናንቅበት ነው ገጹ የሚበላሽ።

ሚዙኪ ከጋዜጣና ከመጽሔት የቆረጣቸውን ፎቶዎች በየዓይነቱ እየለጠፈ ያስቀምጥ ነበር፣ ዛፍ ለብቻ፣ ቤት ለብቻ። አንተ ስልክ አለህ። ውጣና ዝናብ የመታውን ቆርቆሮ፣ የጦሳ ተራራን ጉም፣ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን ሽቦ፣ የቆመ ባጃጅ አንሳ። የላካችሁልኝን ገጾች ሁሉ አይቻለሁ፣ ፀጉሩ ሹል ሹል ያለ፣ ጎራዴ የያዘ ልጅ አለ፣ ከጀርባው ባዶ ነጭ ነው፣ የት እንደቆመ አይታወቅም። የሚቀጥለውን ስትልክልኝ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ የማየው ቆርቆሮውን ነው።